የገሠሠ ሽቦና የይኸነው ፈረስ

ይታወቅ! ከዳንግላ ወዲህ፣ ከጥሊሊ ወዲያ ያላችሁ ሁሉ፣ ጆሮ ያለው በጆሮው፣ ጆሮ የሌለው በጎረቤቱ ጆሮ ይስማ። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በእንጅባራ ከተማ፣ በጥንት ስሟ በኮሶበር፣ ከአንድ የቆርቆሮ ቤት ሌላ ግዛት፣ ከአንዲት የማትታዘዝ ሚስት ሌላ ሠራዊት የሌላቸው ክቡር አቶ ገሠሠ የዓለምን ወሬ ወደ ጓዳቸው ይጎትቱ ዘንድ ከጣራቸው በላይ የቀርከሃ ምሰሶ አቁመዋል። ያየ ይደነቅ፤ ያላየም አንገቱን ቀና ያድርግ!

አንቱታው እዚህ ላይ ያብቃ። ገሠሠን በሕይወቱ «አንቱ» ያለው የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያሰናብተው።

ከዚያ በፊት ገሠሠ የካምፕ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። መንገድ ሠሪዎቹ ድንኳን በተከሉበት ሁሉ፣ ጫካም ይሁን በረሃ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ትሰጠውና ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ደፍቶ ይቀመጣል። ናፍጣ አለቀ፣ ግሬደሩ ተሰበረ፣ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፤ ይህን ሁሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው ሰው «ገሠሠ ተናገረ» ይላል እንጂ «ጎርፉ ወሰደው» አይልም፤ ያን ያህል ክብር ነበረው። ኋላ ኔትወርክ የሚሉት ነገር መጣ። ግማሽ ቀን ይሠራል፣ ግማሽ ቀን ይተኛል፤ ቢሆንም ሬዲዮኑንም ባለ ሬዲዮኑንም በአንድ ቀን ጡረታ አወጣቸው።

ገሠሠ አንድ አሮጌ መቀበያ ሬዲዮ በጨረታ ገዝቶ ወደ ኮሶበር ገባ። ያችን ሬዲዮ የሚወዳት ለዜና አይደለም። በዓለም ዙሪያ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ቤታቸው ተቀምጠው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ፤ አማተር ይባላሉ። ብዙዎቹ የሚነጋገሩት በዚያ በድሮው የቴሌግራም ምት፣ በአጭርና በረጅም ድምፅ ነው። ገሠሠ ደግሞ ምቱን ከአንድ ሽማግሌ ቴሌግራፈኛ ተምሮታል። እናም ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን ይደፋና አንዱ ከወዲያኛው የዓለም ጫፍ ስሙን ሲናገር፣ ሌላው «እኛ ዘንድ ዝናብ ነው» ሲል ይሰማል። የዓለም ምስጢር ይሄ ነው እንግዲህ፤ ዝናብ ነው! እሱም ቤት ደጃፍ ዝናብ ነው፤ ግን «እኛም ዘንድ ዘንቧል» ብሎ መመለሻ የለውም። ፈቃድ የለው፣ መላኪያ የለው። ይቀበላል እንጂ አይልክም።

ሚስቱ ፀጋነሽ በሌላም ነገር እንዲሁ ነው ትላለች። ገሠሠ ደስ ሲለው፣ ሰው መልካም ሲያደርግለት፣ በጣቶቹ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ታ፣ ቲት ቲት፣ ታ። ምስጋናው ያ ነው። ምሳ ታቀርብለታለች፤ ይመታል። ሸሚዙን ትተኩስለታለች፤ ይመታል። «አፍ ሰጥቶሃል እኮ ጌታ! ጠረጴዛ ብቻ አይደለም የሰጠህ» ትለዋለች። ይህንኑም ሰምቶ ይመታል።

ፀጋነሽ ልብስ ሰፊ ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋበት መኪና አርጅቶ ስለሚያጉረመርም ሁለተኛ ልትገዛ ባንክ ሄደች። ባንኩም ቤቱን በመያዣነት ያዘና «ቤቱ የእሳትና የመብረቅ መድን ይግባለት» አለ። መድን ሰጪውም ያለ ምርመራ ስለማይዋዋል፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንዲት ትሕትና የምትባል ወጣት መርማሪ ከባሕር ዳር ላከ።

ትሕትና ግቢው ውስጥ ገብታ ግድግዳውን አላየችም፣ ኩሽናውን አላየችም። ቀና አለችና ደርቃ ቀረች።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሽ ገሠሠ?»

«አንቴና» አለ ገሠሠ፣ ልጁን እንደሚያስመርቅ አባት ኮራ ብሎ።

«ሽቦው በመብራት መስመሩ ላይ እኮ ነው የተሻገረው!»

እውነቷን ነው። የመዳቡ ሽቦ ከምሰሶው ጫፍ ተነሥቶ፣ ከመንገዱ ወደ ቤቱ በሚገባው የመብራት ሽቦ ላይ ተሻግሮ፣ ከደጅ ባሕር ዛፉ ላይ ታስሯል።

«ቢበጠስ የት ይወድቃል?»

«አይበጠስም።»

«ቢበጠስ ነው ያልኩት።»

«ልጄ፣ እኔ በሬዲዮ ነው ያረጀሁት። አይበጠስም አልኩሽ።»

«እሺ፣ አይበጠስም። መብረቅ ቢወርድስ? የመሬት ሽቦው የታለ?»

ገሠሠ ዙሪያውን አየ፤ ጥሎት የመጣ ይመስል። እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፦ በካምፕ ሁሉ የመሬት ሽቦ ነበር። የሚቀብረው ግን ቴክኒሻኑ ነው። ገሠሠ ማዳመጫ ይደፋል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም። ያን ሁሉ ዘመን ሰማይ የጣለችው ሁሉ በማን ጉድጓድ በኩል ወደ መሬት እንደገባ አንድ ቀን አልጠየቀም። ኩራት ከጉድጓዱ በላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፤ ታች ያለውን አያይም።

ትሕትና አንድ በአንድ አስረዳች። ሽቦው ከመብራት መስመሩ ይራቅ፤ ደንቡ ነው። የብረት ዘንግ በጥልቅ ይቀበር፤ ዙሪያው ከሰልና ጨው ይደረግበት፤ አፈሩ እርጥበት ይዞ መብረቁን ፈጥኖ እንዲውጥ። ከአንቴናው ወደ ዘንጉ ወፍራም ሽቦ በውጭ በኩል ይውረድ። ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ አንቴናው ከሬዲዮው ይነቀልና ከመሬቱ ሽቦ ጋር ይያያዝ። ገሠሠ ይህ ሁሉ ሲነገር ወደ ደመናው ይመለከት ነበር። ፀጋነሽ ግን ከበሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

«ከክረምቱ በፊት እመለሳለሁ» አለች ትሕትና። «ወይ ተስተካክሎ አገኘዋለሁ፣ ወይ ወርዶ አገኘዋለሁ። እንዲሁ እንዳለ ከሆነ ግን ቤቱን መድን አናስገባውም።»

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ፀጋነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሰማህ አይደል፣ አንተ ሰውዬ? መኪናዬ ከሚቀር ቀርከሃህ ይውረድ። ማለቂያው ይሄው ነው።»

«እሠራዋለሁ» አለ ገሠሠ፤ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ነበር። ምሰሶው ከወረደ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ኔትወርክ የሌለው ስልክና የሚስቱን መኪና ማጉረምረም ብቻ ነው። ያ ደግሞ ለጡረተኛ ጆሮ ቀብር ነው።

ምሰሶውን ከመብራት መስመሩ አርቆ ለመትከል አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በስተጓሮ፣ ከአያ ይኸነው አጥር ሥር። አያ ይኸነው የዘንገና አካባቢ ገበሬ ነው። ልጆቹን ለማስተማር ከከተማው ዳር ቤት ሠራ እንጂ ልቡ ከድንቹ ማሳ አልወጣም። ከሰው ጋር በአማርኛ ይነጋገራል፣ ከዳማ ፈረሱ ጋር በአዊኛ። ማንኛቸውን አክብሮ እንደሚያነጋግር ላየው ግልጽ ነው። ያ ፈረስ በጥር የፈረሰኞች በዓል ላይ ተሸልሞ ሲወጣ ይኸነው ከኋላው ያለ እንጂ ከላዩ ያለ አይመስልም፤ አሽከርነቱ ያምርበታል።

ይኸነው አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ ገሠሠ ምሰሶውን እዚያ ተክሎ ከሥሩ ጉድጓድ ሲቆፍር አየው።

«ምን ልትቀብር ነው፣ ጎረቤት?»

«ብረት። ለመብረቅ።»

«ሰው ከመብረቅ ይሸሻል፤ አንተ ትጠራዋለህ? ድርቆሼ እኮ እዚሁ ከጎንህ ነው የተከመረው!»

«አልጠራውም፣ አያ ይኸነው። ከመጣ የሚሄድበትን መንገድ ነው የምሠራለት።»

«መንገድ ከሠራህለትማ መምጣቱ ነው! መንገድ ተሠርቶለት ያልመጣ ምን አለ?»

የገሠሠን ዕድሜ የበላው ራሱ መንገድ ሥራ ነው፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከሰሉን ነሰነሰ። ጨው ሲመጣ ግን የገሠሠ ጠባይ መጣች። ልጅቷ ያለችውን ያህል አድርጎ፣ ደግሞ ያንኑ ያህል ጨመረ፣ ደግሞ አሞሌ ሰባብሮ ከላይ አለበሰው። ጨው ሲበዛ ወጥ ይበላሻል እንጂ መሬት ይበላሻል ያለ አልነበረም። የተረፈውን ዱቄት ጨውም ሽቦው ላይ አሸው፤ «ይያያዝ» ብሎ። ከየት እንደተማረው አይጠየቅም፤ ጉራና ኩራት ከየትም ይገኛሉ።

በማግሥቱ አፈሩ ተቆፍሮ፣ ሽቦው ተጎትቶ ውጭ ወድቆ አገኘው።

ቀበረው። እንደገና ተቆፈረ። ድንጋይ ጫነበት፤ ድንጋዩ ተንከባሎ ሽቦው ተጣሞ ተገኘ። አጥሩ ደግሞ ከይኸነው በኩል ተገፍቶ ተዘንብሏል። ገሠሠ የተዘነበለውን አጥር አየ፣ ድርቆሹን አየ፣ «መብረቅ ትጠራለህ» ያለውን ሰው አሰበ። ፍርዱ እዚያው ተፈረደ። ተከሳሹ አልተጠራም፤ እንደ ገሠሠ በአብዮቱ ዘመን በፓምፍሌት ባደገው ትውልድ ዘንድ ተከሳሽ መጥራት እንደ ቅንጦት ይታያል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የእድር ስብሰባ ነበር። ገሠሠ ጴንጤ ነውና ከጸሎት ቤቱ በቀጥታ መጥቶ እጁን አነሣ።

«ሂስ አለኝ!»

«ኧረ ሂስ ከቀረ ስንት ዘመኑ!» አለች አንዷ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«መብት ነው። ጎረቤቴ አያ ይኸነው የመሬት ሽቦዬን እየነቀለ ነው። መድኑ እንዲቀርብኝ፣ አንቴናዬ እንዲወርድ ነው። ካልሆነ ይማል!»

ሳቁ ቆመ። ሽቦ ነቀልህ ተብሎ ማል መባል፣ ያውም በእድር ፊት፣ ያውም ቀብር አብሮ የሚቀብረው ሰው ሲለው! ይኸነው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ።

«እኔ በሽቦ አልምልም» አለ። «ምስክር ከፈለግህ፣ አቶ ገሠሠ፣ ሂድና ፈረሴን ጠይቀው።»

ብሎ ወጣ። «ገሤ» ይለው የነበረ ሰው «አቶ ገሠሠ» ብሎት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ ሰላምታ ጠፋ። ፀጋነሽ የይኸነውን ሚስት ከወፍጮ ቤት ስታገኛት ሁለቱም ስለ ዱቄት ብቻ አወሩ።

ገሠሠ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ቆረጠ። አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያው ሲጀምር ፕላስቲክ ተከናንቦ አጥሩ ሥር ከበቀሉት ቀርከሃዎች ጀርባ አደፈጠ። ብዙም አልቆየ። አጥሩ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ጆሮ መጣ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ሰፊ ደረት፤ አጥሩን እንደ መጋረጃ ገልጦ ዳማው ገባ። ወደ ጉድጓዱ ሄዶ አሸተተ። በኮቴው አንዴ፣ ሁለቴ ጫረ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የመድን ድርጅቱን መሬት ይልስ ጀመር። አሞሌው አልበቃ ሲለው ጨው የተቀባውን ሽቦ በጥርሱ ያዘና ጎተተው። ከመሬት ያወጣትን ሽቦ እንደ ሸንኮራ አገዳ ሲመጥጣት ገሠሠ ከቀርከሃው ጀርባ ቁጭ አለ፤ ጭቃው ላይ።

በዚህ አገር ፈረስ ባለበት ሰፈር አሞሌ ከመሬት ቀብሮ፣ ሲቆፈርበት ሰው በእድር የሚከስ እንግዲህ ከካምፕ የመጣ ብቻ ነው። ማንኛውም የዘንገና ሕፃን ይነግረው ነበር። የጠየቀ የለም።

ምስክሩ መስክሯል። የቀረው ወደ ይኸነው ቤት መሄድ ነበር፤ ያ ደግሞ አጥር ለመሻገር ብቻ ረጅም መንገድ ሆነበት። በማግሥቱ ገሠሠ አንድ ሙሉ አሞሌ በጨርቅ ጠቅልሎ በበሩ በኩል ዞሮ ሄደ። ይኸነው በረት ደጃፍ ኮርቻ ይጠግናል።

«ፈረስህን ጠየቅሁት» አለ ገሠሠ።

ይኸነው ቀና አላለም። «ምን አለህ?»

«ጥፋቱ ያንተ ነው አለኝ።»

«የማን?»

«የኔ። የገሠሠ።» ጣቶቹ ጭኑ ላይ መምታት ጀመሩ። ያዛቸው። «በእድሩ ፊት ነው ያሳፈርኩህ። በእድሩ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። በድያለሁ፣ አያ ይኸነው።»

ይኸነው መርፌውን ሰካ። አሞሌውን ፈቶ አየ፣ በምላሱም ቀመሰ። «ጥሩ ጨው ነው» አለ። «እኔ ድሃ ገበሬ ለፈረሴ በወር አንዴ ነው የማቀምሰው። አንተ ጉድጓድ ሙሉ ድግስ ደግሰህ ጠርተኸው፣ ለምን መጣ ትላለህ? እኔም በሆንኩ እመጣ ነበር።» ከዚያም ሳቀ፤ ሳቁ ሲመጣ ኮርቻው ከጭኑ ላይ ወደቀ። «ና፣ ገሤ፤ ጉድህን እንይ።»

የገበሬ እጅ ወደ ሥራው ገባ። ይኸነው አንድ ወፍራም ቀርከሃ ቆርጦ አንጓዎቹን በጋለ ብረት በሳና ሽቦውን በውስጡ አሳለፈው፤ ጥርስ እንዳይደርስበት። የጉድጓዱን አፍ በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘጉት፤ ዙሪያውን እሾህ አጠሩት። አሞሌውን ደግሞ ይኸነው ከራሱ በረት ውስጥ ከዳማው ራስ ትይዩ ሰቀለው። «የቤቱ እያለለት የሰው አይቆፍርም» አለ። «መብረቁን ግን አሁንም አላመንኩህም።»

ግንቦት ገባ። አንድ ቀን ገሠሠ ለሽቦው ማሰሪያ ፍለጋ ዳንግላ ሄደ። ሲመለስ ሚኒባሱን ዝናብ ያዘው። ሰማዩ በእንጅባራ በኩል ጠቁሮ ይጮኻል። አንድ ብልጭታ ሚኒባሱን ሙሉ ነጭ አደረገው፤ አብራው የተሳፈረች ሴት «ማርያም! ማርያም!» አለች።

ወደ ከተማው ሲገባ ካለችው ዳገት ላይ ምሰሶው ሁልጊዜ ይታያል። ገሠሠ ከየትም ሲመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና ከቴሌው ማማ አስቀድሞ የሚያየው የራሱን ቀርከሃ ነው። መስኮቱን በክንዱ ጠርጎ አየ። ጉልላቱ አለ። ማማው አለ። ቀርከሃው የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ባጃጁን ያዘና «ንዳው! ንዳው!» ሲል ባለ ባጃጁ «አባባ፣ ሰው ሞቶ ነው?» አለው። ከሬዲዮው ይልቅ፣ ከምሰሶው ይልቅ፣ ያ የሚያጉረመርም የልብስ ስፌት መኪናና ከኋላው የምትቀመጠው ሴት ናቸው በዓይኑ የመጡት።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ቤቱ ግን ቆሟል። ፀጋነሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከጎኗ ይኸነው፣ ዝናቡ ከላዩ እየተንጠባጠበ፣ በሁለት እጁ ትልቅ ቅል ወተት አቅፎ ቆሟል።

«ምን ሆነ?» አለ ገሠሠ።

«መጣ» አለ ይኸነው። «መንገድ ሠርተህለት የለ? መጣ።»

ቀርከሃው እንደ ጥርስ መፋቂያ ተሰነጣጥቆ በግቢው ሙሉ ተበትኗል። የአንቴናው ሽቦ ቀልጦ ጠብ ጠብ ብሏል። ወፍራሙ የመሬት ሽቦ ግን እንዳለ አለ፤ ጉድጓዱ ላይ ያለው ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ዙሪያው ያለው ሣር ጠቁሯል። ድርቆሹ አልተነካም። ጣራው አልተነካም።

«ሬዲዮው?»

«ነጎድጓዱ ገና ዘንገና ላይ ሲያጉረመርም ነቀልኩትና ከመሬቱ ሽቦ ጋር አያያዝኩት» አለች ፀጋነሽ።

«አንቺ? ማን አሳየሽ?»

«ልጅቷ ስትናገር አንተ ትኮራ ነበር፤ እኔ እሰማ ነበር።»

«ወተቱስ?»

ይኸነው ቅሉን ዝቅ አድርጎ አየው፤ ትንሽ አፈረ። «የመብረቅ እሳት በውኃ አይጠፋም፤ በወተት ነው የሚጠፋው ይሉ ነበር አባቶቻችን። ቤትህ ነዷል ብዬ የጠዋቱን እንዳለ ይዤ ሮጥኩ። እሳት ግን የለም።»

ወተቱን ጠጡት። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ለይኸነውም ጾም አልነበረም፤ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ከአንድ ቅል ተቀባበሉ፤ ለወትሮው በዚህ ላይ የሚከራከሩት ሁሉ ያን ዕለት አፋቸው በወተት ተይዞ ነበር።

ሰው ሲበተን ሁለቱ ጎረቤታሞች ከተሰነጠቀው ድንጋይ አጠገብ ቆሙ። ይኸነው የጠቆረውን ሣር በእግሩ ነካ አደረገ።

«ዳማው በረት ውስጥ አሞሌውን ይልስ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «ያለፈው ወር ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት የት ነበር?»

ሁለቱም ድንጋዩን አዩ። የጥር በዓል፣ ሽልማቱ፣ ያ ሰፊ ደረት፣ አጥሩን እንደ መጋረጃ የሚገልጠው፤ እዚህ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ይኸነው ፊቱን አዞረ። ገሠሠም ጣቶቹ ሊመቱ ተነሡ። የሚመታ ጠረጴዛ አልነበረም።

ያኔ ድሮ በካምፕ ከአዊ የቀን ሠራተኞች የለቀማት፣ አጠራሯ የተሰበረ አንዲት የምስጋና ቃል ትዝ አለችው። በአዊኛ አላት። በአፉ።

ይኸነው ዞሮ አየው። «አጠራርህ ያስቃል» አለ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። «ዳማው እንኳ ከዚህ የተሻለ ይላታል። ግን ገብቶኛል፣ ገሤ።»

በማግሥቱ ጠዋት ገሠሠ ገና ቁርስ ላይ ሳለ በአጥሩ በኩል ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች እየተጎተቱ ገቡ። ከይኸነው ጓሮ ናቸው፤ ከሁሉ ቀጥ ያሉት፣ ለማንም የማይሸጣቸው። «መብረቅ ይጠራል» ያለው ሰው ነው ያመጣቸው። ገሠሠ ምክንያቱን ሲጠይቀው «ከመጣ እንግዲህ መንገዱን ያውቀዋል፤ ድርቆሼንማ አልፎት ሄዷል» አለው።

ትሕትና በተመለሰች ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ምሰሶውን ሊያቆሙ ገመድ ይስባሉ፤ ፀጋነሽ ከታች ሆና «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አልኩ እኮ!» እያለች ታዛለች። ልጅቷ ሁሉን ሰማች። ከዚያ ዝም ብላ ሽቦውን ከላይ ጀምራ ተከተለችው፤ በግድግዳው፣ በቀርከሃው ቱቦ፣ እስከ አዲሱ ድንጋይ። ድንጋዩን አስነሥታ አየች። ቱቦውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ይህን ማን ሠራው?»

«ጎረቤቴ» አለ ገሠሠ።

«ከመብረቁ የደረሰ ጉዳት አለ?»

«አንድ ምሰሶ ቀርከሃ» አለ ይኸነው ጣልቃ ገብቶ። «እና አንድ ቅል ወተት። መድኑ ወተት ይከፍላል ወይ?»

ልጅቷ ሳቀች። ቤቱ ጸደቀ፤ ምሰሶውም እንዲቆም ተፈቀደ። ገሠሠ ከበሩ ድረስ ሸኛት፤ እጁ የበሩን ቆርቆሮ መምታት ጀመረ፤ ታ፣ ቲት ቲት፣ ታ።

«ምንድን ነው፣ ጋሽ ገሠሠ?»

«በአፍህ!» አለች ፀጋነሽ ከወዲያ።

«አመሰግናለሁ ማለቴ ነው፣ ልጄ» አለ ገሠሠ። «ያን ቀን ስትናገሪ ደመና አይ ነበር። ቤቴን ያቆመው ያንቺ ቃል ነው። ከደመናው የሚወርደውን አስቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።» ከዚያም ፊቱን ወደ ሚስቱ መለሰ፤ ምን እንዳላት አልተሰማም። ፀጋነሽ ግን የዚያን ቀን አሮጌው መኪናዋ ሳያጉረመርም የሰፋች ይመስላል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በገሠሠ ቤት ያለፈ ሁለት ሰዎች ያያል። አንዱ ማዳመጫውን ደፍቷል፤ ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ይኸነው ምቱን አያውቀውም፤ ቢሆንም መስማት ይወዳል።

«ምን ይላል አሁን?»

«እሱ ዘንድ ዝናብ ነው።»

«እኛም ዘንድ ዘንቧል በለው እንጂ!»

«መላኪያ የለኝም አልኩህ።»

«እንግዲያ ለኔ በለኝ።»

«ዘንቧል፣ አያ ይኸነው።»

«አዎ፣ ዘንቧል።» ይህን ተባብለው እንደ ትልቅ ጉዳይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አሁን ወዳንተ፣ ወዳንቺ፣ አንባቢ ሆይ። ጣራህ ላይ የተሰቀለውን ዲሽ ለማስተካከል ስንት ጊዜ እንደወጣህ ጎረቤት ያውቃል፤ ሽቦው የት እንደሚያልቅ ግን አንተም አታውቅም። እስቲ ይህን አስቀምጥና ውጣ። ከላይ ጀምረህ በጣትህ ተከተለው፤ ግድግዳው ጋ ስትደርስ «ደህና ነው» ብለህ አትመለስ፤ አፈር ውስጥ እስኪገባ ተከተለው። መንገድህ ደግሞ በዚያ በሰደብከው ጎረቤትህ አጥር በኩል ካለፈ፣ አጥሩን በአጭሩ አትዝለል፤ ዞረህ በበሩ ግባ፣ እጅህም ባዶ አይሁን፤ በሩንም ሲከፍትልህ፣ በጣትህ ሳይሆን በአፍህ፣ እባክህ አንድ ጊዜ እንኳ «በድያለሁ» በለው።